ወርቁ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ሒሳብ

በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ገበያ ከላከቻቸው ምርቶች ካገኘችው ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ውስጥ ከ3 ቢሊዮን ዶላር የሚልቀው የወርቅ ሲሆን፣ ለብዙ አሠርት ዓመታት የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ዋልታ ሆኖ የኖረው ቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቢያስገኝም በሁለተኛነት ተከትሏል። ይህ የደረጃ ለውጥ ለመላ አገሪቱ ትርጉም ያለው ቢሆንም በካፋ ዞን ግን የተለየ ክብደት አለው። በዴቻ ወረዳ የምትገኘው ማንኪራ፣ ነዋሪዎቿም ሆኑ የዞኑ ሕዝብ የዓረቢካ ቡና መገኛ ብለው የሚያከብሯት፣ «እናት ቡና» የሚባለው ዛፍ የቆመባት ቀበሌ ናት። የዞኑ ዋና ከተማ ቦንጋ ደግሞ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም የተሠራባት፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ በኩል ወደ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቦንጋ የሚደርሰው መንገድ በዚያ አያበቃም፤ ወደ ሚዛን አማን ይቀጥልና በጋምቤላ ክልል ወደሚገኘው ወደ ዲማ ወረዳ ያመራል። በዲማ ሰገሌ በሚባለው ስፍራ አኮቦ ሚኒራልስ የተባለ ኩባንያ የወርቅ ማዕድን ከፍቷል። በዳውሮና በኮንታ የድንጋይ ከሰል ይመረታል፤ በምዕራብ ኦሞም ባህላዊ አምራቾች ወርቅ ያወጣሉ። የቡናና የማር አገር ሆኖ የኖረው ደቡብ ምዕራብ ቀስ በቀስ የማዕድን አገርም እየሆነ በመሆኑ፣ አንድ የማዕድን ኩባንያ «ውጤታማ ነው»፣ «እያደገ ነው» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ለባለ አክሲዮኖችና ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ ሒሳቡን ማንበብ ካልቻለ የራሱን ድርሻ መጠየቅም አይችልም።

ዕድገት በሚያልቅ ሀብት ላይ

የማንኛውም ንግድ ውጤት በሽያጩ፣ በወጪውና በትርፉ ይለካል። የካፋ ደን ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የዓመቱን ቡና ሸጦ ሒሳቡን ሲዘጋ፣ ቡናውን ያፈሩት ዛፎች ከነጥላቸው በየስፍራቸው ቆመው ይቀራሉ፤ ደኑ እስከተጠበቀ ድረስም በሚቀጥለው ዓመት መልሰው ያፈራሉ። የወርቅ ኩባንያ ግን የሚሸጠው ፍሬውን ሳይሆን ግንዱን ነው ማለት ይቻላል፤ አንድ ኪሎ ግራም ወርቅ በሸጠ ቁጥር ከመሬት በታች ያለው ንብረቱ በአንድ ኪሎ ግራም ይቀንሳል። በመሆኑም የማዕድን ኩባንያ ትርፍ ሲነገር ከትርፉ ውስጥ ከፊሉ ዳግም የማይተካ ንብረት ወደ ገንዘብ የተለወጠበት መሆኑ አብሮ መታሰብ ይኖርበታል።

ከዚህ የተነሣ የማዕድን ኩባንያ በእውነት አደገ የሚባለው በሦስት መንገዶች ብቻ ነው። የመጀመሪያው አውጥቶ ከሸጠው የሚበልጥ አዲስ ማዕድን በፍለጋ ሲያገኝ ነው። ሁለተኛው ቆፍሮ ካወጣው ድንጋይ ውስጥ ሳይጣራ የሚባክነውን ሲቀንስ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የሠራተኛውን ደኅንነትና የአካባቢውን ውኃና አፈር ሳይጎዳ የማምረቻ ወጪውን ዝቅ ሲያደርግ ነው። የዓለም ዋጋ በመናሩ ብቻ የተገኘ የገቢ ጭማሪ ለኩባንያው መልካም አጋጣሚ ነው፤ ዕድገት ብሎ መጥራት ግን ስሕተት ነው፤ ዋጋው በወረደ ጊዜ አብሮ ይወርዳልና።

ከመሬት በታች ያለው እንዴት ይታወቃል

አኮቦ ሚኒራልስ መሠረቱ ስካንዲኔቪያ የሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዲማ ወረዳ በወርቅ ፍለጋ ላይ የቆየ ኩባንያ ሲሆን በኢትዮጵያ የሚሠራው ኤትኖ ማይኒንግ በተባለ ተቀጥላ ድርጅቱ በኩል ነው። ኩባንያው 182 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የፍለጋ ፈቃድና 16 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የማምረቻ ፈቃድ ይዟል። ሁለቱ ፈቃዶች የተለያዩ ናቸው፤ የፍለጋ ፈቃድ መሬቱን መርምሮ ማዕድን መኖሩን የማረጋገጥ መብት ሲሰጥ፣ የማምረቻ ፈቃድ የተረጋገጠውን ማዕድን አውጥቶ የመሸጥ መብት ይሰጣል። አካባቢው ባህላዊ አምራቾች የወንዝ ደለል በገበቴ እያጠቡ ወርቅ ሲለቅሙበት የኖሩበት ነው። በአብዛኛው የዓለም ክፍል እንደሚደረገው ሁሉ የኩባንያ ጂኦሎጂስቶች የደለሉን ወርቅ ዱካ ተከትለው ወርቁ ታጥቦ የመጣበትን ዋና አለት ይፈልጋሉ። የባህላዊ አምራቹ እውቀት ለትልቁ ኩባንያ ፍለጋ የመጀመሪያ ካርታ ሆኖ ያገለግላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አለቱ ከተገኘ በኋላ በመሰርሰሪያ ማሽን ከጥልቀት የድንጋይ ናሙና ይወጣል፤ ናሙናው በላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ከብዙ ጉድጓዶች በተገኘው ውጤትም የማዕድን ሀብት ግምት ይሠራል። ግምቱ እንደ እርግጠኛነቱ በደረጃ ይከፈላል። ጥቂት ጉድጓዶች ብቻ ከተቆፈሩበት የሚገኘው ዝቅተኛ እርግጠኛነት ያለው «የተገመተ» ይባላል፤ ጉድጓዶቹ ሲቀራረቡና ውጤቱ ሲጠናከር «የተጠቆመ»፣ ከዚያም «የተለካ» ወደሚባል ደረጃ ይወጣል። «ክምችት» የሚለው ቃል ከነዚህ ሁሉ ጠበቅ ያለ ትርጉም አለው፤ ወርቅ መኖሩ ብቻ ሳይሆን በወቅቱ ዋጋና ወጪ ተመርቶ ትርፍ እንደሚያስገኝ በጥናት ሲረጋገጥ ብቻ የሚሰጥ ስያሜ ነው። በዜናና በመግለጫ ላይ ሁሉም በአንድነት «ክምችት» እየተባሉ ሲጠሩ አንባቢው የማይጨበጠውን እንደ ተጨበጠ አድርጎ ሊወስድ ይችላል።

በሰገሌ የተገለጸው የተገመተና የተጠቆመ ሀብት 68,000 ኦውንስ ሲሆን፣ የወርቅ ይዘቱም በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ በአማካይ 22.7 ግራም ነው። በወርቅ ንግድ የሚሠራበት አንድ ኦውንስ 31.1 ግራም ያህል በመሆኑ አጠቃላዩ ከ2,100 ኪሎ ግራም ጥቂት ከፍ ይላል ማለት ነው፤ ይህም በ93,000 ቶን ገደማ ድንጋይ ውስጥ ተበትኖ የሚገኝ ነው። ነገሩ ለቡና አገር አንባቢ በኩንታል ሲሰላ ይበልጥ ይጨበጣል፤ ከሰገሌ የሚወጣ አንድ ኩንታል ድንጋይ በአማካይ ከ2 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ወርቅ ይይዛል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል አላይድ ጎልድ የተባለው ኩባንያ ባለማው የኩርሙክ ማዕድን ግን የወርቅ ይዘቱ በአንድ ቶን 1.4 ግራም አካባቢ ስለሆነ በአንድ ኩንታል ድንጋይ ውስጥ የሚገኘው የአንድ ግራም ሰባተኛ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን የኩርሙክ ክምችት 2.7 ሚሊዮን ኦውንስ ያህል በመሆኑ የሰገሌን 40 እጥፍ ይጠጋል። ሰገሌ ጠባብ ሆኖ ፍሬው የበዛ ማሳን፣ ኩርሙክ ደግሞ ፍሬው ሳስቶ እጅግ የሰፋ ማሳን ይመስላሉ፤ የመጀመሪያው በትንሽ ካፒታል ሊጀመር ሲችል ሁለተኛው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይፈልጋል።

ከፍለጋ እስከ መጀመሪያው ወርቅ

አኮቦ ሚኒራልስ ፍለጋ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የመጀመሪያውን ወርቅ እስካወጣበት እስከ እ.ኤ.አ. 2024 ድረስ 15 ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ኩባንያው የሚሸጠው ምርት አልነበረውም፤ ለመሰርሰሪያ፣ ለላቦራቶሪ፣ ለካምፕ፣ ለደመወዝና ለማሽን የሚያወጣው ገንዘብ ግን አልተቋረጠም። የማዕድን ንግድ ከሌላው ንግድ የሚለይበት ዋና ነገር ይህ ረጅም የወጪ ዘመን ነው። ባንኮች ገና ላልተመረተ ወርቅ በቀላሉ አያበድሩም፤ በመሆኑም ፈላጊ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚያገኙት በአብዛኛው አክሲዮን በመሸጥ ነው። አኮቦ ሚኒራልስ እ.ኤ.አ. በ2021 በኖርዌይ የኦስሎ የአክሲዮን ገበያ ዩሮኔክስት ግሮውዝ በሚባለው ለታዳጊ ኩባንያዎች በተዘጋጀው መደብ የተመዘገበው ለዚሁ ዓላማ ነው።

ገንዘብ የማሰባሰቡ መንገድ የራሱ ዋጋ አለው። ኩባንያው አዲስ አክሲዮን ባወጣ ቁጥር ቀድሞ የገዙት ሰዎች ድርሻ ይሳሳል፤ አንድ እንጀራ ለአራት ሰው ተቆርሶ ሳለ አራት እንግዶች ቢጨመሩ የእያንዳንዱ ጉርሻ እንደሚያንስ ማለት ነው። ሌላው መንገድ ወደ አክሲዮን የሚለወጥ ብድር ሲሆን፣ አበዳሪው ገንዘቡን ከነወለዱ ከመቀበል ይልቅ በስምምነቱ መሠረት ባለ አክሲዮን ሊሆን የሚችልበት ውል ነው። የሰገሌ ሥራ ቀድሞ ከታሰበው ጊዜ ሲዘገይ ኩባንያው በሁለቱም መንገዶች ገንዘብ ማሰባሰብ ግድ ሆኖበታል። በወለጋ የቱሉ ካፒ የወርቅ ፕሮጀክት ባለቤት የሆነው ኬፊ ጎልድ ኤንድ ኮፐርም የማምረቻ ፈቃዱን እ.ኤ.አ. በ2015 ካገኘ በኋላ የግንባታውን ገንዘብ ለማሟላት አሥር ዓመት ያህል ወስዶበታል። እነዚህ ምሳሌዎች እንደሚያሳዩት ፈቃድ መሰጠቱ ከምርት ጋር አንድ አይደለም፤ ፈቃድ በተሰጠ ማግስት የሥራ ዕድልና ልማት የሚጠብቅ ማኅበረሰብ ያለበቂ ማብራሪያ ከተተወ ቅሬታው የሚጀምረው ከዚያው ከመጠበቅ ነው።

የአንድ ኦውንስ ዋጋና ወጪ

የወርቅ ኩባንያዎችን እርስ በርስ ለማነጻጸር ከሚያገለግሉ መለኪያዎች መካከል ዋነኛው አንድን ኦውንስ ለማምረት የሚወጣው ጠቅላላ ወጪ ነው። ይህ መለኪያ የቁፋሮና የማጣሪያ ወጪን ብቻ ሳይሆን የአስተዳደር ወጪን፣ ለመንግሥት የሚከፈል ሮያሊቲንና ማዕድኑ ሥራውን እንዲቀጥል በየጊዜው የሚፈሰውን መዋዕለ ንዋይ ጭምር ይይዛል። በሰገሌ ጥናት ላይ የተቀመጠው ግምት በኦውንስ 243 ዶላር ነበር። በዓለም ላይ ብዙ የወርቅ ማዕድኖች አንድ ኦውንስ የሚያመርቱት ከ1,000 ዶላር በላይ አውጥተው በመሆኑ ይህ ቁጥር እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ምክንያቱም የድንጋዩ የወርቅ ይዘት ከፍተኛ ስለሆነ ጥቂት ድንጋይ ተቆፍሮ ብዙ ወርቅ ይገኛል የሚል ስሌት ነው።

ይሁን እንጂ የጥናት ግምትና የሥራ ላይ ወጪ እጅግ ሊራራቁ የሚችሉበት ግልጽ ምክንያት አለ። የማዕድን ካምፕ ወጪ አብዛኛው ቋሚ ነው፤ ጀነሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል፣ ከጉድጓዱ ውኃ ይሳባል፣ ሠራተኛው ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ጥበቃው ይቆማል፤ ይህ ሁሉ በወሩ 100 ኦውንስ ተመረተም 1,000 ኦውንስ ተመረተም ብዙ ልዩነት አያሳይም። ያው ወጪ ለ1,000 ኦውንስ ሲካፈል ትንሽ የነበረው ለ100 ሲካፈል አሥር እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በሰገሌ እንዳለው ባለ ከርሰ ምድር ማዕድን ዋናው ጥያቄ ከመሬት በታች ወርቅ አለ ወይ የሚለው ሳይሆን ወደ ወርቁ የሚያደርሰው ዋሻ በታሰበው ፍጥነት ይቆፈራል ወይ የሚለው ነው። ከዋና ከተማና ከወደብ በራቀ ቦታ ደግሞ አንድ የተሰበረ ፓምፕ ወይም በዝናብ የተቆረጠ መንገድ የወሩን ምርት ሊያስቀር ይችላል። የኩባንያን ሪፖርት የሚያነብ ሰው ከሽያጩ ቀድሞ በወሩ ስንት ቶን ድንጋይ ወጣ፣ ከዚያስ ውስጥ ምን ያህሉ ወርቅ ተጣራ ብሎ ቢጠይቅ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ገቢውን የሚወስነው ሌላኛው ኃይል ከኩባንያው እጅ ውጭ ነው። የዓለም የወርቅ ዋጋ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በኦውንስ 3,000 ዶላርን፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ደግሞ 4,000 ዶላርን ተሻግሯል። የሰገሌ 68,000 ኦውንስ በ3,000 ዶላር ሲሰላ 204 ሚሊዮን ዶላር፣ በ4,000 ሲሰላ 272 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል፤ ከመሬት በታች ያለው ወርቅ ግን በአንዲት ግራም እንኳ አልጨመረም። በአገር ውስጥ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ በሕጋዊውና በትይዩ ገበያው መካከል የነበረውን ሰፊ ልዩነት አጥብቧል። ከዚያ በፊት ባህላዊ አምራቹ ወርቁን ለብሔራዊ ባንክ ሲያስረክብ የሚያገኘው ብር በኮንትሮባንድ ከሚሸጠው ያንስ ስለነበር ብዙ ወርቅ በድንበር ሾልኮ ይወጣ ነበር። በ2017 በጀት ዓመት የታየው ከፍተኛ የወርቅ ገቢ በአብዛኛው የባህላዊ አምራቾች ወርቅ ወደ ብሔራዊ ባንክ በመመለሱና የዓለም ዋጋ በመናሩ የመጣ እንጂ በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ትላልቅ ማዕድኖች ስለተከፈቱ አይደለም። ይህ ልዩነት ካልተለየ አገርም እንደ ኩባንያ አጋጣሚን ዕድገት ብላ ልትሳሳት ትችላለች።

የመንግሥትና የሕዝብ ድርሻ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝቦች መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ የማዕድን ኩባንያ የወርቁ ባለቤት ሳይሆን ለተወሰነ ዘመን የማውጣት መብት የተሰጠው ባለ ፈቃድ ነው። ባለቤቱ ድርሻውን የሚቀበለው በተለያዩ መንገዶች ነው። ሮያሊቲ የሚባለው ከምርቱ ዋጋ ላይ በሕግ በተወሰነ መቶኛ የሚከፈል ነው፤ ኩባንያው አተረፈም ከሰረም የሚከፈል በመሆኑ የሀብቱ ባለቤት ለሚወጣበት ንብረት የሚቀበለው ዋጋ ሆኖ ይታያል። የገቢ ግብር ደግሞ ከትርፍ ላይ ብቻ የሚነሣ ሲሆን፣ በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የማዕድን ሥራ ግብር 25 በመቶ ነው። በተጨማሪም በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት መንግሥት በከፍተኛ ደረጃ የማዕድን ሥራ ውስጥ ገንዘብ ሳያወጣ ቢያንስ 5 በመቶ ድርሻ ይይዛል።

የእነዚህ ድርሻዎች ባሕርይ የተለያየ መሆኑን መረዳት ይጠቅማል። የትርፍ ግብርና የአክሲዮን ድርሻ የሚገኙት ኩባንያው ባለሀብቶቹን አጥግቦ፣ ብድሩን ከፍሎ ትርፍ ማሳየት ሲጀምር ነው። ጥቂት ዓመታት ብቻ በሚሠራ አነስተኛ ማዕድን ያ ጊዜ ሳይደርስ ወርቁ ሊያልቅ ይችላል። የሰገሌ ሀብት በተጠቀሰው ግምት ብቻ ቢቆም በዓመት 20,000 ኦውንስ እየተመረተ ከሦስት ዓመት ተኩል አያልፍም፤ ኩባንያው በጥልቀትና በአካባቢው ፍለጋውን የሚቀጥለውም ይህን ዕድሜ ለማራዘም ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 መሠረት ከከፍተኛ ደረጃ ማዕድን የሚገኘው ግብርና ሮያሊቲ የፌዴራል መንግሥቱና የክልሎች የጋራ ገቢ ነው፤ ለባህላዊና ለአነስተኛ አምራቾች ፈቃድ የሚሰጠውም ክልሉ ነው። እንግዲህ ማዕድኑ ያለበት ቀበሌ ነዋሪ ገንዘቡን በቀጥታ አያየውም፤ በክልሉ በጀት በኩል በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያና በመንገድ መልክ ተመልሶ ሲመጣ ብቻ ያየዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 በእጩነት የገባችበት የማውጫ ኢንዱስትሪዎች ግልጽነት ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ ኩባንያዎች የከፈሉትና መንግሥት ተቀበልሁ ያለው እንዲመሳከር የሚጠይቀው፣ በዚህ ረጅም ጉዞ ላይ የሚጠፋ ገንዘብ እንዳይኖር ነው።

ከለገደምቢ የሚገኝ ትምህርት

በኢትዮጵያ የትልቅ ወርቅ ማዕድን ረጅሙ ልምድ የሚገኘው በጉጂ በሻኪሶ አካባቢ ባለው በለገደምቢ ነው። ማዕድኑ በመንግሥት እጅ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ወደ ሚድሮክ ጎልድ የተዛወረ ሲሆን፣ ለሁለት አሠርት ዓመታት የአገሪቱ ዋና የኢንዱስትሪ ደረጃ ወርቅ አምራች ሆኖ ሠርቷል። በገንዘብ ሚዛን ብቻ ሲታይ ያልተቋረጠ ምርት፣ ሥልጡን የማዕድን ባለሙያዎችና ለመንግሥት የገባ ገቢ ያስገኘ ድርጅት ነው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ግን የአካባቢው ነዋሪዎች ከማጣሪያው የሚወጣ ኬሚካል በሰዎችና በእንስሳት ጤና ላይ ጉዳት አድርሷል በማለት ባሰሙት ተቃውሞ የማዕድን ሚኒስቴር የፈቃዱን እድሳት አገደ፤ ሥራው ዳግም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነበር።

ደቃቅ ወርቅ ከድንጋይ የሚለየው ብዙውን ጊዜ ድንጋዩ ተፈጭቶ በሳያናይድ ውኃ ውስጥ ወርቁ እንዲሟሟ በማድረግ ነው። ወርቁ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ጭቃ ለዘላቂው ወደ አፈርና ወደ ውኃ እንዳይሰርግ ታስቦ በተሠራ ግድብ ውስጥ ይጠራቀማል። ባህላዊ አምራቾች በአንዳንድ ስፍራዎች የሚጠቀሙበት ሜርኩሪም ወርቁን አጣብቆ በእሳት ሲለይ ጭሱ ወደ ሳንባ፣ ዝቃጩ ወደ ወንዝ ይገባል። በለገደምቢ የደረሰው ለኩባንያ ባለ አክሲዮኖችም የሚጠቅም ትምህርት አለው፤ ዓመት የማይሞላ የምርት መቋረጥ እንኳ ትልቅ ኪሳራ ሆኖ ሳለ፣ ማኅበረሰቡን ያላሳመነ ማዕድን ለሦስት ዓመታት ያህል ቆሟል። የአካባቢ ጥበቃ ወጪን «ተጨማሪ» አድርጎ የሚያይ ሪፖርት ዋናውን አደጋ ሳይመዘግብ ቀርቷል ማለት ነው።

የቦንጋ ደን ያስተማረው

ለዚህ ጉዳይ የሚሆን ልምድ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ ካፋ ራሱ ሕዝብና የተፈጥሮ ሀብት እንዴት ውል እንደሚገቡ ለአገሪቱ ካሳዩ ቀዳሚ ስፍራዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በቦንጋ አካባቢ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከመንግሥት ጋር ሆኖ አሳታፊ የደን አስተዳደርን አስጀመረ። አሠራሩ በቀላሉ ሲገለጽ፣ የደኑ ወሰን ከነዋሪዎች ጋር ተዙሮ በካርታ ይያዛል፤ ተጠቃሚዎች በማኅበር ይደራጃሉ፤ ቡናውን፣ ማሩን፣ ኮረሪማውንና ጥምዙን የመጠቀም መብታቸው ይጻፋል፤ በአንጻሩም ዛፉን የመጠበቅ ግዴታ ይገባሉ፤ ውሉ ሲጣስ ማን ምን እንደሚያደርግም አስቀድሞ ይታወቃል። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘገብም ጥብቅ እምብርት፣ መካከለኛና የሽግግር ቀጠናዎች ተብሎ የተከፈለው ሰውን ከደኑ ለማስወጣት ሳይሆን የት ምን ሊሠራ እንደሚችል ቀድሞ ለመወሰን ነው።

ይህ ልምድ ወደ ማዕድን ቢሻገር ትርጉሙ ግልጽ ነው። ማዕድን ከመከፈቱ በፊት የፈቃዱ ወሰን ነዋሪዎች ባሉበት ይታያል፤ በስፍራው ቀድሞ ወርቅ ሲያጥቡ የነበሩ ባህላዊ አምራቾች በየትኛው ክፍል መሥራት እንደሚቀጥሉ ይጻፋል፤ የወንዙ ውኃ ጥራት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይለካና በየጊዜው ከዚያ ጋር ይነጻጸራል፤ ኩባንያው ለካምፑ የሚገዛውን ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማርና ቡና ከአካባቢው ማኅበራት እንዲገዛ ይስማማል። የማዕድን ሕጉ ባለ ፈቃዱ ለአካባቢ መልሶ ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመድብና በማኅበረሰብ ልማት እንዲሳተፍ ያስገድዳል፤ ይህን ግዴታ ሕያው የሚያደርገው ግን ወረቀቱን የሚያነብ፣ ቁጥሩን የሚከታተልና ድምፁን የሚያሰማ የተደራጀ ማኅበረሰብ ነው። በካፋ ብረት ቀጥቃጮች ማረሻውንና ጦሩን ሲሠሩ ኖረው ሥራቸው ሳይከበር፣ ራሳቸውም ከማኅበራዊ ኑሮ ሲገለሉ መኖራቸው መዘንጋት የለበትም። ብረትና ወርቅ የአገር ሀብት ናቸው የሚል ትውልድ በእጁ የሚያወጣቸውን ሰው ማክበርንም ከዚሁ ጋር መማር አለበት።

የመጨረሻው ዓመት ጥያቄ

የአንድን የማዕድን ኩባንያ ውጤት ለመመዘን የሚያስፈልጉት ጥያቄዎች ከዚህ በላይ ከተነገረው ይወለዳሉ። የተባለው ወርቅ የተገመተ ነው ወይስ ክምችትነቱ የተረጋገጠ? በዓመቱ ከተመረተው የሚበልጥ አዲስ ወርቅ ተገኝቷል ወይስ ንብረቱ ቀንሷል? ገቢው የጨመረው ምርቱ ስላደገ ነው ወይስ ዋጋው ስለናረ? ለመንግሥት የተከፈለው ከሮያሊቲ ነው ወይስ ገና ከሚጠበቅ ትርፍ? ከማዕድኑ በታች የሚፈሰው ውኃ ከዛሬ አምስት ዓመት በፊት እንደነበረው ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የሂሳብ ሊቅነትን አይጠይቁም፤ በቀበሌ ስብሰባ ላይ በአማርኛም በካፍኛም በአኙዋክኛም ሊነሱ የሚችሉ ናቸው።

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ የሚነሣው ነው። የማዕድን የመጨረሻ ዓመት በግምትም ቢሆን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይታወቃል፤ 68,000 ኦውንስ ቁጥር ነውና ሲቀነስ ሲቀነስ ያልቃል። ስለዚህ ጉድጓዱ ማን ይሞላዋል፣ የሠለጠነው ወጣት ከዚያ በኋላ የት ይሠራል፣ ከወርቁ የተገኘው ገንዘብ በምን ላይ ቆሞ ይታያል ብሎ መጠየቅ የሚገባው ማሽኑ ሲነሣ ሳይሆን ማሽኑ በቦንጋ አልፎ ወደ ዲማ በሚወርድበት ቀን ነው። ማንኪራ ያለችው የቡና ዛፍ ስንት ትውልድ እንዳየች በእርግጠኝነት የቆጠረ የለም፤ ዛሬም ግን ታፈራለች። ከሰገሌ የሚወጣው ወርቅ እንደ እሷ ሊያፈራ የሚችለው አንድ ግራም ከመሬት በወጣ ቁጥር ከመሬት በላይ ሌላ የሚያፈራ ነገር ከተተከለ ብቻ ሲሆን፣ የማዕድን ኩባንያም ሆነ የመንግሥት ዕድገት በዚያ ተከላ ሊለካ ይገባዋል።